እርማት

አራት ዓረፍተ ነገር ነበረ የጻፍኩት፣
ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣ ለገጽ ሦስት ጥጋት፦
«ማቲ የተባለ ወጣት ከነበረዶ ሞተሩ
ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። ይጣራል ነገሩ።»
የቀሩት ሁለቱ ስለ በረዶው ውፍረት።
አዘጋጁ ወደዳት። «አጭርና ጥርት!»

ያልጻፍኩት ብዙ ነው።
ተንደርቤይ፣ የካቲት፤ ቀለም ብዕሬ ውስጥ ረግቶ
በእርሳስ ነው የጫርኩት፣ ጣቴ ደርቆ፣ ዓይኔ በብርድ አንብቶ።
ውሻው ከቀዳዳው አፍ ንቅንቅ አልልም ብሎ፣
የጌታውን ጓንት በጥርሱ አንጠልጥሎ፤
ፔርሙዙ ዳር ቆሞ፣ ሾርባው ገና ትኩስ፣
አንዱ ፖሊስ ከፍቶት፣ አሽትቶት፣ ሲከድነው ቀስ በቀስ።
ዜና ሾርባ አይወድም።
ጠላቂዎቹ ሲወርዱ፣ ገመዱን ሲለቁት፣
ለማተሚያው ስንት ቀረኝ ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ይኼንንም አልጻፍኩት።

ሰኞ ስልክ ጮኸ። የአሮጊት ድምፅ፣ ቀጭን፦
«አይሊ እባላለሁ። ጽፈሃል ልጄን።
ቁጣ የለብኝም። ግን አንድ ፊደል ጎድሏል፤
ማቲ በሁለት ቲ ነው። አንዷን ማን ወስዷል?»

እኔ የቆጠርኩት ፊደል ማጥበቅ አያውቅበት፤
«አለ» እና «አለ» አንድ ነው፣ አንባቢ ይልፋበት።
ሲላላ፣ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ፣ መኖር ነው፤
ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በላላው፦
ፖሊስ አለ፣ ከንቲባው አለ፣ የአየር ትንበያው አለ።
አይሊ የደወለችው ለሌላው ነበር መሰለኝ።
ማቲም በኛ አፍ ሲላላ፣ ቤት የሞላ ልጅ ነው፤
ሲጠብቅ ግን አንድ ነው፤ የአይሊ ብቻ ነው።

ረቡዕ ወጣ እርማቱ፣ በደቃቁ፣ ገጽ ሁለት፣
ከጎማ ማስታወቂያ ሥር፣ «ይቅርታ ለስህተት»።
ቆርጣ ለጥፋዋለች ከማቀዝቀዣዋ በር።
ሄጄ አየሁት። ዜናው ግን አልነበር።
እኔ እርማት ነው ያልኩት፤
እሷ እርሟን አወጣችበት።

ምን እንደምል ስፈልግ ስልኬ ነዘረ ከኪስ፤
አዘጋጁ ነው፦ «ወደብ፣ የእህል ጎተራው! ፍጠን፣ እሳቱ ሳይቀንስ!»
ከበሩ ላይ አንድ ጓንት ሰጠችኝ፣ የግራ።
«ቀኙ ከሱ ጋር ነው» አለች። ተቀበልኩ፣ ሳላጣራ።

አውራ ጣቱ ላይ የውሻ ጥርስ ምልክት አለ።
አጥብቃችሁ አንብቡት።