ብድር በምድር

የደንጊያ ሽበቱን በብሩሽ እየፋቀች፣
ታምሲን ከማለዳ ስም ስትለቅም ዋለች።
የኮርንዎል ነፋስ ባሕሩን አዝሎ
ጀርባዋን ይመታል፣ «ሂጂ ወዲያ» ብሎ።
ሦስት ላቭዴይ አገኘች፤ ሁለቱ ሕፃናት፣
አንዷ የካፒቴን ሚስት፤ የሷ ቅድመ አያት
በደንጊያ ላይ የለችም።

ቄሱ አዘነላት፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር
መዝዞ አወጣላት አይጥ የቀመሰው ደብተር።
የቄስ እጅ አይደለም፤ ዲጎሪ ነው፣ ቆፋሪ፣
ፊደሉ እንደ ዶማው ወረቀት ሰርሳሪ፦

«ላቭዴይ። ሠላሳ አንድ ዓመት።
ባሏ ከቆርቆሮ ጉድጓድ ያልወጣ።
በሰሜን አጥር ሥር። መሬቱ ድንጋያም።
ሁለት ሽልንግ። አልተከፈለም።»

የመቶ አርባ ዓመት ወለድ ልታሰላ
ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፣ ጣቷን ከቀለሙ ጥላ።

ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች ወደ አጥሩ፤
ሐውልት የለ፣ ጉብታ የለ፤ ሣሩ ብቻ፣ ሣሩ።
ቦርሳዋን በረበረች። ለማን ትክፈለው?
የደብሩን ሙት ሁሉ በእጁ የጻፈው ሰው
የራሱን አልጻፈም፤ ዲጎሪን ማን ቀበረው?

ሁለት ሳንቲሞች ሣሩ ሥር ቀበረቻቸው፤
አፈር ያድርስላት፤ እሱ ነው የሚያውቃቸው።