ከኋላ የቆሙ

ገና በመጣ ቁጥር ደምበጫ ሜዳ ላይ፣
ወሬው ሁሉ ዳምጤ፤ ሌላ ሰው የለም ወይ?
«ሩሯን በአንድ ምት ወንዝ አሻገራት!»
(ወንዙን በየዓመቱ እያሰፉላት።)

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤
ዳኛ ግን ይቆጣል፣ ሲያዳላ ትውስታ።
እኔን ጠይቁኝ እንጂ፣ ይኸው በሕይወት አለሁ፣
ግብ ብቻ አልቆጠርኩም፣ ቅልጥም ቆጥሬያለሁ።

አለኸኝን ማን ያውቃል? የታች ሰፈር አጥር፣
አሥራ ሁለት ዓመት ከኋላ ሲማገር፤
አንድ ቀን አላገባም። አንድ ቀን አልሸሸም።
ዱላው ሲሰበርበት
በእግሩ መከተ እንጂ ሜዳ አልለቀቀም።

ቢያድግልኝስ? ግራኝ። ቀጭን፣ ዝም ያለ፣
ለዳምጤ ያቀበለ፣ ያቀበለ፣ ያቀበለ።
ያቺ የምትወራው፣ ያቺ የታወቀች፣
በሱ ዱላ ጫፍ ነው መንገድ የለመደች።

ምኒችልም ነበር፣ ተጠባባቂው ልጅ፣
ሦስት ገና ሙሉ ቆሞ ከሜዳው ደጅ፣
የሁሉንም ጋቢ ታቅፎ ሲጠብቅ፤
ሲወጡ እንዲሞቃቸው፣ እሱ በብርድ ሲያልቅ።

ቅዳሜ ገበያ አለኸኝ ሲያነክስ
አየና የልጅ ልጄ፣ «ምን ነካው?» አለኝ ቀስ።
ቅልጥሙን አሳየሁት፣ ብዙ ሳልጨምርበት፦
«ያቺ የዳምጤ ግብ፣
ያችውልህ፣ እዚያ ናት።»