ከሳሽ

ሃያ ሁለት ዓመት ጅማ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ስሠራ፣
«ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሊት» እያልኩ ስጣራ፣
ያቺው ቃል አንድ ቀን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ
በሰው አፍ ትመጣለች ብዬ መች አሰብኩ?

ሄርማታ ገበያ፣ ቲማቲም ተራ፣
ሰዓዳ ዘንቢሏን መሬት ጥላ፦
«ነጂባ! ከሳሽ! ምነው፣ ምን አገኘሽ?»
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ታመሽ ነው?»

አልታመምኩም፣ ሰዓዳ።
ከሳሽስ እኔ ነኝ። ተከሳሹ ሆዴ ነው።
ችሎቱ አዲስ አበባ ዋለ፤
ከአራት እጁ ሦስቱ እዚያው ቀረ፣
አንዱ ከእኔ ጋር ተመለሰ።
ይግባኝ የለውም።

ይግባኝ የለውም፣ ግን ይጮኻል።
አውቶቡሱ የግቤን ቁልቁለት ሲወርድ
ጠባሳዬን በትራስ አቅፌ፣
እንደ ተቀማ ልጅ ሳባብለው መጣሁ።

ድሮ «ሆደ ሰፊ» ይሉኝ ነበር።
ስድብ ቢሆን ሳቅ ቢሆን ሁሉን ውጬ ቁጭ።
የባጃጅ ሹፌሩ «የሁለት ሰው ሒሳብ» ሲለኝ
ከፍዬ፣ አብሬው ስቄ፣ ውጬ።
አሁን ቦታው አይበቃም፦
እንጀራ መዳፌን ታህል፣ ሽሮ ሦስት ማንኪያ፣
ውሃ ለብቻው፣ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ርቆ።
ስድብ የሚያርፍበት ጥግ የለም።
ባለፈው ለሹፌሩ መለስኩለት።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ።

በኢክራም ሠርግ አማቴ ጉርሻ ጠቅልላ
«በሞቴ» አለችኝ፣ ቅቤው በክንዷ እየወረደ።
«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ፣ አፈር ስሆን!»
ስንቱን ዓመት በሰው ሞት ጎረስኩ!
በአክስቴ ሞት፣ በጎረቤቴ ሞት፣
አንዳቸውም ሳይሞቱ
ሁሉን በገላዬ እየቀበርኩ።
እጇን ይዤ ሳምኩት።
«እማዬ፣ በሕይወቴ» አልኳት፤ «በሕይወቴ ተይኝ።»
ጉርሻው አየር ላይ ቆየ።
ኋላ ለሕፃኑ ሰጠችው። እስካሁን አኩርፋኛለች።

ሰባተኛው ወር ላይ ቆመ።
አጂፕ መታጠፊያ፣ አስፋልቱ ዳር
ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ ምትኩ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ መርፌዋ
ዘጠና አንድ ላይ ተቸነከረች።
«እትዬ፣ ሚዛኔ አልተበላሸም» ይላል እየማለ።
ጸጉሬ በሚዶ እየተነቀለ ይወጣል።
አንድ ማታ የምስር ክክ ፊቴ አስቀምጬ
አለቀስኩ። ለምግቡ አይደለም፤
ሲከፋኝ የምሸሽበት ቤት ስለተዘጋ ነው።
ሐኪሙ ሆዴን ቆረጠ እንጂ
የሆዴን ብሶት አልነካም።

እና ንጋት ላይ እነሳለሁ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
የአዌቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ጅረን ዳገት።
ወኔ ኖሮኝ እንዳይመስልሽ፤
ወኔን ብጠብቅ ዛሬም አልጋ ላይ ነኝ።
የባሌን ቦት ጫማ ማታውኑ ደፍ ላይ ስለማቆመው ነው፤
ስወጣ ያደናቅፈኛል፣ ሳልወድ አጠልቀዋለሁ።
መጀመሪያ ሰሞን እስከ ወፍጮ ቤቱ፣
ቀጥሎ እስከ ዋርካው፣
ትናንት የጣሃ እንጨት ቤት ደረስኩ።

ጣሃ በርጩማ ይጠርባል፤ ሦስት እግር፣ ካንድ ግንድ።
ከአራት ዓመት በፊት አንዱን ሰብሬበታለሁ፣
በሰው ፊት። ዋጋውን ከፍዬ፣
ሁለተኛ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።
አስታውሶኝ ይሁን አይሁን እንጃ፣
አንዱን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ፦
«ቁጭ በይ እንጂ፣ ዳገት ነው።»

ቆሜ አየሁት። ፍቅፋቂው ገና እርጥብ ነበር።
ቀስ ብዬ፣
ግማሽ ክብደቴን እግሬ ላይ ይዤ፣
ተቀመጥኩ።
ሲጥ አላለም።
ሌላውን ግማሽ ለነገ ቀጠርኩት።