ድመት አለሽ ወይ?

ጥር ነው፤ ዊኒፔግ። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሲለቀኝ፣
አውቶቡስ ጥበቃ ፖርቴጅ ላይ ቆሜ፣
ጓንቴን ባፌ ስቤ፣ ብርዱን ተቋቁሜ፣
ክንዴን አካለሁ።
ሳንቲም የሚያህል ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣
መሀሉ ጠየም ብሎ ቅርፊት ያዘለ።
ቪዲዮው «ቀዩን ፈልጉ፣ በቀዩ ነው የሚለይ» ይላል፤
ቀይ ከየት ላምጣ? የኔ ገላ ላይ አመድ ይመስላል።

ስልኬ ግን ያውቀኛል። አንድ ሌሊት «የሚያሳክክ» ብዬ
ጽፌበት ነበረ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ተቃጥዬ፤
ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አያሳየኝም።
አንዷ «ችፌ ነው፤ ሎሚ በማር ለውሳችሁ፣
በሰባት ቀን ካለቀቃችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ።»
አንዱ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከኋላው ባዶ መደርደሪያ፣
«ሐኪሞች የደበቋችሁ» ይላል፣ ገና ከመጀመሪያ።
ሌላው ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ ይለጥፋል፤
«በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ፎቶ ያሰልፋል።
(ቆይቼ ሳስተውለው ግን፣ የሁለት ሰው ነው ክንዱ፤
ፊተኛው የክትባት ጠባሳ አለው፣ ኋለኛው ላይ የለም ጉዱ።)

ነጭ ሽንኩርቱን ሞከርኩት። እግዜር ይይለት፤
እስኪነጋ ክንዴ ሲነድ አደረ እንደ ረመጥ እሳት፤
ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ።

ደግሞ አንዷ መጣች፣ ድምጿ ለስላሳ፣
ስትስቅ የምታምር፣ ከዓይን የማትረሳ፤
«ስቴሮይድ ያለው ቅባት ግዙ፣ ሊንኩ ከታች አለ» አለች።
ገዛሁ። እንዳፏ ሆነልኝ፤ የክንዴን እሳት በሦስት ቀን አስተኛች።
መረቅኋት። ላይክ አደረግኋት። ለውብርስትም ላክሁላት።
በሁለት ሳምንት ክቡ ሰፋ፣ ልጆች ወለደ፣
ከክንዴ ተነስቶ እስካንገቴ ሄደ።

«እከክልኝ ልከክልህ» ይሉት ይኸው ነው መሰለኝ፤
እኔ መስታወቱን ባውራ ጣቴ ሳክ
ለነሱ ሳንቲም ይራገፋል፤
ክንዴን ግን ማንም አላከከልኝ።

አንዲት ሐኪም ነበረች ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፤
መብራቷ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የሚንቋቋ ሲዞር።
«ሳላይ አላውቅም» ትላለች፣ «ክብ ሁሉ ችፌ አይደለም፤
ስቴሮይድ ጭርት ላይ ከተቀባ…» — አልጨረስኳትም።
ተመልካቿ መቶ አሥራ አራት፤
የሽንኩርቱ ሰውዬ ግማሽ ሚሊዮን አልፎለት።
ይህን ሁሉ ሰው አይዋሽም ብዬ፣
ጣቴ አለፋት።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሰርጀንት ጎዳና አጠገብ፤
ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ የጫማዬ በረዶ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ።
ሐኪሟ ክንዴን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤
ቅርፊቱን በስለት ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጋ፣ ብርጭቆ ላይ አኖረችው።
ዝም አለች። ከዚያ፦
«ድመት አለሽ ወይ?»

ድመት።
በኅዳር፣ ከቆሻሻ ገንዳው ኋላ ያነሳኋት፣
ጆሮዋ ላይ ጠጉሯ የሳሳ፣ ክንዴ ላይ የማስተኛት፣
ሻሼ ያልኳት።
«ጭርት ነው» አለች። «ቅባቱ ማሳከኩን አስተኝቶ
ጭርቱን ሲቀልብ ከርሟል።»

አርባ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ቆጠርኳቸው ኋላ፤
ስንቱ «እህቴ» ብሎኛል፣ ስንቱ ምሏል ባላህ በመላ፤
አንድም የጠየቀኝ የለም። እንዴትስ ይጠይቃል?
መልስ የሚሰማ ጆሮ መስታወት ውስጥ የት ይገኛል?

ትናንት ውብርስት ደወለች። «ያ የላክሽልኝ ቅባት
ልጄን ጉንጩ ላይ ቀባሁት፤ ስንት ቀን ሆነው ሲያሳክክበት!
ወዲያው ዝም አሰኘለት፤ አንቺን ይባርክሽ» አለች።
ምላሴ ደረቀ።
«እሱን ተይው፣ ሐኪሟ የሰጠችኝን ልላክልሽ» ልል ብዬ
የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤
ለስላሳ ነበር።

ዋጥኩት።
«መቼ ነው የጀመረው?» አልኳት። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»
እሷ ስታስብ፣ ከወዲያ በኩል፣
ልጁ ሲያክ ይሰማኛል።