ይስላል

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በመኪያ ምግብ ቤት፣
ድስት አጣቢ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ለት፣
ያን ትልቁን ድስት፣ ስቲሉን፣ መስታወት የመሰለውን፣
እህቷ ከአጋሮ ለሰርጓ ያመጣችላትን፣
ምስር ጥጄበት፣ ዐይኔን ለዝናቡ ሰጥቼ፣
አሳረርኩት።
ደበቅኩት ደግሞ፣ ከፍልጡ ኋላ አስገብቼ።

ሽታ መቼ ይደበቃል! መጣች መኪያ፤
ሽቦ አንስቼ ልፈገፍገው ስል፦ «ተው! ጣለው ወዲያ።
የተቆጣ ብረት በቁጣ አይዙትም፤
ፊቱን ከቧጨርከው ቂሙን አይተውም።»
ውሃ ጨመረች፣ ሶዳ ነሰነሰች፣ በዝግታ አፈላችው፤
«በል ሽንኩርትህን ላጥ፣ እስኪለቅ ተወው።»
ማታ በእንጨት ማንኪያ ጠርዙን ነካ ባደርገው፣
ጥቁሩ፣ እንደ ዳነ ቁስል ቅርፊት፣ ለቀቀው።

«የማይዝግ» ይሉታል ነጋዴዎቹ በሂርማታ፤
እሷ ትስቃለች፦
«የማይዝግ የለም፣ የሚያደርቁት እንጂ ማታ ማታ።»
እውነቷን ነው። ጅማ ነው ይሄ።
ክረምት ሲገባ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል፣
ግድግዳው ያልበዋል፣
ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ያለቅሳል።
አንድ ሌሊት ቢላዋውን ከነሳሙናው በገንዳ ረስቼ፣
ጠዋት ሦስት ጠቃጠቆ አገኘሁ፣ ቡናማ።
በአመድና በሎሚ አሸሁት፤ ሁለቱ ጠፉ፤
አንዱ ዛሬም አለ፤ ከእጀታው ሥር ነው ማረፉ።

ሐሙስ ሐሙስ አባ ፎጊ ይመጣል።
ብስክሌቱን አቁሞ፣ ድንጋዩን አርጥቦ፣
ፔዳሉን እየረገጠ ይስላል፤
ቢላችንን ይስላል፣
ደረቱን ይዞ ይስላል፤
«አባ፣ የቱ ይብሳል?» ስለው፣
«ሁለቱም ያሳሳል» ይላል።

አንድ ቀን ትንሿን መሳያ ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ፣
ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ከቢላው ጀርባ ሥር ደርድሮ፣
«ይህን ያህል ቀና» አለኝ፣ በቲማቲም ሞክሮ።
አልተጫነውም። ክብደቱን ብቻ ለቀቀው፤
ቲማቲሙ ሳያውቅ ሁለት ሆነ።
«ስለት» አለኝ «በተሳለበት ቀን አያልቅም፤
በየዕለቱ ካልጠበቁት፣ አለኝ ብለው አይምሉበትም።»
እኔም ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኩት ነበረብኝ፣
ሁለት ዓመት ያለፈው።
ዝም ብዬ ቢላውን አደረቅሁ፣ ከጀርባው ወደ አፉ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀረ። ሌላ ሐሙስ ተጨመረ።
ቲማቲሙ ይጨፈለቅ፣ ሥጋው ይጎተት ጀመረ።
መኪያ ምንም አላለች፤ ሌላ ሰውም አልጠራች።
በአምስተኛው አንድ ልጅ መጣ፣ የልጅ ልጁ፣ ሙአዝ፤
በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ።
«አያቴ ‹ለዚያ ለሚያደርቀው ልጅ ስጥልኝ› ብሎ ነበር።»
ነበር።
ስሜን እንኳ አያውቀውም ነበር።

ድንጋዩ መሐሉ ጎድጉዷል፣ እንደ ማንኪያ፤
ውሃ ባንጠባጥብበት፣ ይይዛል።
አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከጓሮው ደፍ ላይ እቀመጣለሁ፣
ሁለት ሳንቲም ለክቼ፣ ሳልጫን።
ሹፌሮቹ ምሳ ሲጠብቁ ድምፁን ይሰማሉ፤
«መኪያ፣ ያ ልጅ የት ገባ?» ይላሉ።
«ጓሮ ነው» ትላቸዋለች፣ «ይስላል።»
ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፦
«አላመመውም። ቢላ ነው።»