ከወለሉ በታች

ፕላኑን ያመጣው ልጅ እግር መሐንዲስ ነው፤ ጢሙ ገና ያልጠና፤
ከየትኛው የበረዶ አገር እንደቀዳው እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው አቃና።
ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ ሁለቱ መኝታ፤ እዚህ ድረስ ደህና።

ከሳሎኑ ወለል በታች ግን ቀይ መስመር ተጠማዞ፣
እንደ ተኛ ዘንዶ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተጉዞ፤
«ይሄስ?» አልኩት።
«ሙቅ ውሃ ነው ጋሼ። በቧንቧ ይዞራል፣ ወለሉን ያሞቃል፤
ካልፈለጉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ራዲያተር ይሰቀላል፤
አንዱን ይምረጡ፤ ዋጋው ይለያያል።»

አዳማ ላይ! በመጋቢት! ፀሐዩ ቆርቆሮ እያቀለጠ፣
የቢሮው ፋን ወረቀቱን እንጂ ላባችንን ሳይነካ እየተንቀጠቀጠ!

ራዲያተር!
እኔ እሱን የማውቀው በኤንትሬ ነው፤
አዋሽ አርባን አልፌ፣ ሚሌ ሳልደርስ፣ ፈልቶ ሲያጓራ፣
ክዳኑን በጨርቅ ይዤ፣ ፊቴን ወዲያ መልሼ፣ ረዳቴን ስጣራ፤
«ውሃ! አንተ ልጅ፣ ውሃ!»
ሃያ ሁለት ዓመት በጅቡቲ መንገድ የተጠበስኩ ሰው
ያንን የብረት ጉሮሮ ሳሎኔ ልስቀለው?

ገመዳን ጠራሁት። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ከሥራው የተማከረ።
ፕላኑን ገልብጦ አየው፤ አቃንቶ አየው፤ ቆይቶ ተናገረ፦
«ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ ከኮርኒሱ በላይ ለነፋስ መውጫ ተው፤
ሁለት ፋን እሰቅላለሁ። ይሄን ቀይ መስመር ግን ልጁ በቆጂ ወስዶ ይሽጠው።»

«በቆጂ» ሲል እናቴ ከጓዳ ሰማች፤
የዚያው አገር ሰው ናት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ፣ አምና ነው ወደኛ የመጣች፣
ውርጭ የበላውን ጉልበቷን ይዛ።
«ወለል ይሞቃል?» አለች፤ «እግር ስር?» አለች፣ እንደ ልጅ ፈዛ።

ማንም አልመለሰላትም።

ወይንሸት ግን የመተሐራ ልጅ ናት፣ የሸንኮራ ማሳ ያሳደጋት፤
«ሴራሚክ ይሁን» ትላለች፤ «ከሰዓት ጉንጬን የምለጥፍበት።»
ሁለት ሴት፣ አንድ ወለል፤ አንዷ ብርድ የምትሸሽበት፣ አንዷ የምትፈልግበት፤
እኔ ከመሃል፣ የሲሚንቶው ዋጋ በየሳምንቱ የሚንርበት።

እሁድ እሁድ እናቴን በባጃጅ ቦኩ አደርሳታለሁ፤
እንፋሎቱ ከድንጋይ ስንጥቅ ይወጣል፤ እሷ ትገባለች፣ እኔ ደጅ እቆያለሁ፤
ከማዶ ኮረብታ የነፋስ መዘውሮቹን፣ ስንት እንደዞሩ እቆጥራለሁ።
ስትወጣ ፊቷ ወዝቶ፣ ጉልበቷን ደባብሳ፣
«እግዜር ቧንቧውን የቀበረው እዚህ ነው» ትላለች፣ ድምጿን አለሳልሳ፤
«ለዚያ ልጅ ንገረው።»

ቤቱ አለቀ። ሴራሚኩ ነጭ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ ገመዳ እንዳለው።
ለእናቴ ወፍራም ካልሲ ገዛሁላት። አውቃለሁ፤ መልስ አይደለም። ያለኝ ግን እሱ ነው።

መብራት በሄደ ማታ ነው። ፋኑ ሁለቴ ዞሮ፣ እንደ ሰለቸው ቆመ።
ወይንሸት ሴራሚኩ ላይ ተዘርራ እንቅልፏ ቀደመ።
እናቴን ከአልጋዋ አጣኋት።

ከጓሮ ነበረች፤ ታዛ ገና ባልለበሰው፣ ሻካራው ሲሚንቶ ላይ፣
ካልሲውን አውልቃ፣ ሁለት እግሯን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ።
የቀኑ ፀሐይ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ለሱ ገና አልመሸም።
«ንካው» አለች። ነካሁት።
መንገድ ገብቶ እንደ ቆመ መኪና ኮፈን፣ አልበረደም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙም አላወራንም።

በማግስቱ ገመዳ የታዛውን ቆርቆሮ በጋሪ አስጭኖ መጣ፤
«መልሰው» አልኩት። «ተከፍሎበታል እኮ!» አለ፣ ዓይኑ ሊወጣ።
«ይከፈልበት፤ መልሰው።»

ፕላኑ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወይንሸት ለጫማዎቿ አነጠፈችው፤
ቀዩ መስመር ከስራቸው ተጠማዟል፤ የሚያሞቀው እነሱን ብቻ ነው።

ሐምሌ ሲገባ፣ ደመናው ሲውል፣ ሲሚንቶው ዝናብ ጠጥቶ ሲያድር፣
ያኔ ምን እንደማደርግ እንጃ።
እሷ ግን አትጠይቅም፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ካልሲዋን ታወልቃለች፤
በሩን ገፋ አድርጋ ትወጣለች።