ቀፎ

ብሪታኒ ጠረፍ፣ ከሰርዲን ፋብሪካው ጀርባ፣
ስልክ ይለቅማል ዘበኛው ጎልቨን፣ ልጁ በዝናብ ሲገባ።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀፎ
ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ጀርባው ላይ ስም ተለጥፎ።

አራት ሰዓት ሲል ያጉረመርማል፤
እንደ ንብ መንጋ፣ በጨለማ ይተማል።
ጎልቨን ጆሮውን ጥሎ ይሰማል፤
«ቀፎውስ ሞልቷል፤ ማሩ ግን የታል?»

የመጀመሪያው ሰኞ፣ እጃቸው መግቢያ ጠፍቶት
ቆሙ ሜዳው ላይ፣ እንደ እንግዳ ለቅሶ ቤት።
በሳምንቱ ሁለቱ ተደባደቡ፤ ሌሎቹ አጥር ዘለሉ፤
የኤኖራ ጥርስ መሸረፉን፣ ስትስቅ ገና አስተዋሉ።

ሐሙስ ማዕበል ተነሣ። አባቷ ባሕር ላይ ነበር፤
ኤኖራ ጆሮዋን ለጠፈች፣ ከቁም ሣጥኑ ብረት በር።
ከዚያ ሁሉ ድምፅ የእሷን ለየችው፤
ጎልቨን ቁልፉን ጨበጠው፤ አልከፈተው።

«ማሪኝ» አላት።
ዳይሬክተሯ መጣች፤
ኪሷ ውስጥ አንድ ንብ ጮኸባት።